ሰርዶ ማብቀል ያቃተው ሙሽራ

ወገን፣ የልጅ ልጄ ፌስቡክ ከከፈተችልኝ ወዲህ የሰው ጉድ ሳነብ ነው የከረምኩት። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ላይክ አትርሱ!

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ወረታ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። አትክልተኛ ስላችሁ... እስከዚያ የማውቀው ሣር በሬ የሚበላውን ብቻ ነው።

ቢሮው ፊት ለፊት ያለው መስክ ክረምቱን ውኃ ሲተኛበት፣ ከብት ሲረግጠው ከርሞ እዚህም እዚያም ተመልጧል። አለቃዬ አቶ መኮንን ጠሩኝ።

«ከጎንደር እንግዳ ይመጣል። ይህን መላጣ በሰርዶ ድፈነው!»

ሰርዶ!

የፎገራ ሰው ይፍረደኝ። ገበሬ ዕድሜ ልኩን ነቅሎ የማይጨርሰውን አረም ትከል ተባልኩ!

የት እንደማገኘው ግን አላጣሁትም። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ አያ ደስታ ማሳ። አያ ደስታ ማለት ልጃቸውን ጥሩዬን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ የላክሁባቸው ሰው ናቸው። መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነበር። (ብልጠቴን አያችሁ?)

ስደርስ የነቀሉትን ሰርዶ ሊያቃጥሉ ከምረዋል።

«አያ ደስታ፣ አያቃጥሉት፤ ለእኔ ይስጡኝ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ልተክለው!»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ውሰደው» አሉ። እየፎከርኩ ተሸክሜ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው መጡ። «ሰርዶ ለሚተክል አማች ልጄን አልሰጥም፤ ማሳዬን ያጠፋብኛል ብለዋል።»

ክው አልኩ! ጥሩዬን በአረም ላጣት? ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

በንዴት መላጣውን ቆፈርኩና ሰርዶውን እንደ ድንች ጥልቅ አድርጌ ቀበርኩት። ጠዋትም ማታም ውኃ ደፋሁበት። መሬቱ ውኃ የማያሰርግ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ጨቀየ። በሳምንቱ ሰርዶው በሰበሰ።

ሰርዶ እኮ ነው! ድንጋይ ላይ ቢጥሉት የሚበቅል!

የገበያ ዕለት አያ ደስታ ጉዴን ሊያዩ መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። እኔ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬያለሁ፤ አቶ መኮንን ከኋላዬ ቆመው ይቆጣሉ።

አያ ደስታ ትንሽ አዩና አላስቻላቸውም። ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ጥለው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ቀበርከው እኮ! አርባ ዓመት የተዋጋሁት ጠላቴ ነው፤ በምን እንደሚኖር እኔን ጠይቀኝ።»

የተኛውን ውኃ በቦይ አስወጡ። አፈሩን አለሰለሱ። ከመንገድ ዳር አዲስ ሰርዶ ነቅለው በየአንጓው ቆራረጡና፣ ጫፍ ጫፉን ከአፈር በላይ እያስቀሩ በእግራቸው ጠቅጠቅ አደረጉት። «ከብት እንዳይረግጠው። ውኃም በልክ!»

አቶ መኮንን የአያ ደስታን እጅ ጨበጡ። «አትክልተኛ ማለት እርስዎ ነዎት!»

የእኔን ጭቃማ እጅ ማን ይጨብጠው?

እንግዳው ሳይመጣ መላጣው አረንጓዴ ለበሰ። እኔም እንደምንም ደፍሬ ሽማግሌ ደግሜ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ተመለሱ።

«ሰርዶ እንኳ ማብቀል ያቃተው ልጅ ለማሳዬ አያሰጋኝም፤ ይውሰዳት ብለዋል!»

አያ ደስታ ይህንኑ ሠርጌ ላይ ለእድምተኛው ሁሉ ደገሙት። ጥሩዬ በነጠላዋ ተሸፍና ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፤ በጉብዝናው ሳይሆን ባለመቻሉ ሚስት ያገኘ ከእኔ ሌላ አለ?