ብቻዋን የተቀመጠች ልጅ

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከቡታጅራ ገበያ ግርግር ሸሽቼ፣ ውሃ ካየ ዓመት ያለፈው ቦኖ አጠገብ መጽሐፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይቶ ማለፍ የማይችል አሳቢ ሰው እናንተ ሰፈር የለም? የእኛው ጋሽ ከድር ናቸው።

«ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ ጋሼ። ፀጥታው ደስ ብሎኝ ነው።»

«ያ አላህ! ኑማ፣ ይቺ ልጅ ደህና አይደለችም!»

ወዲያው ስድስት አጽናኞች ከበቡኝ፤ የቀረው የእድሩ ድንኳን ብቻ ነበር። በዓይን አፋርነቴ ተነስቼ ሄድኩ፤ ቦታዬን ግን እንደማልለቅ ለራሴ ማልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩና ቦኖው ሥር አስቀመጥኩት። ጋሽ ከድር ጀሪካኑን አይተው ፊታቸው በራ።

«ውሃ እየጠበቅሽ ነው? አይዞሽ፣ ይመጣል!» ብለውኝ አለፉ።

እኔም የመጽሐፌን ገጽ ገለጥኩ።