በኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን የተከለ ሰው

ሰው ድንኳን የሚተክለው ሲድር ወይም ሲሞትበት ነው። ከዚህ ውጭ ድንኳን ይዞ የሚዞር ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ እንደ እኔ መካሪ ያጣ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው። እስካሁን በሬ የተንኳኳው ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ ፎቅ ተሳስተው ነው። ጥፋቱ የጎረቤት ብቻ አይደለም፤ እኔም ደረጃ ላይ ሰው ሲመጣ ስልኬ ላይ የማፈጥ ሰው ነኝ። ግን ብቸኝነቱ ከበደኝ። ተራራ ወጥተን እንደር ብዬ የቢሮ ጓደኞቼን ጋበዝኩ፤ እሺ ብለው አንድ በአንድ ሰበብ አመጡ። እልህ ያዘኝና ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ቀላል ድንኳን ገዛሁ።

ተራራ ላይ ነፋስ አለ ስላሉኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ልለማመድ ወረድኩ። በሁለቱ ብሎኮች መሀል የሚገባው ነፋስ የአንዱን ሸሚዝ የሌላው በረንዳ ላይ የሚያሰጣ ነው። እኔ ብልሁ የድንኳኗን ሰፊ ጎን ሰጠሁት! ተነፍታ ተነሳች፤ ገመዷን ይዤ ተከተልኳት። ካስማው ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ አልገባ አለ። ከጫማዬ የማትከብድ ድንኳን አንድ ጎልማሳ የመንግሥት ሠራተኛ ግቢውን ሙሉ ስትጎትት ይታያችሁ።

ይህን ጊዜ የእድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ብቅ አሉ። ምንም ሳይጠይቁ ጠባቡን ጎን ወደ ነፋሱ አዞሩት። ካስማ እምቢ ባለበት ድንጋይ አስቀመጡ፤ ገመዶቹን ዝቅ አድርገው ወጠሩ። ስንት ድንኳን የተከለ እጅ ነው! ወዲያው አግዳሚ ወንበር መጣ። ከምድር ቤት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እኔ ሞኙ፣ ድንኳን ለካ እንዲህ ሰው ይሰበስባል ብዬ ልቤ ሞላ። እግዜር ያጽናህ ሲሉኝ ነው የገባኝ።

እውነቱን ልናገር? ዝም ልል ፈልጌ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ማን እንዲህ ተጠግቶኝ ያውቃል? ብነግራቸው ወንበራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አንድ አጎቴን ልገድል አሰብኩ፤ ግን እሳቸው በየሳምንቱ አብነት ገበያ የሚታዩ ሰው ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እስኪያድር የሚቆይ አልነበረም።

ማንም አልሞተም፣ ተራራ ላይ ላድር እየተለማመድኩ ነው አልኳቸው። አቶ ተሰማ ተቆጥተው ተነሱ፤ ሌላውም ልብሱን እያራገፈ ተነሳ። እትዬ አስካለ ብቻ እንደተቀመጡ፣ ከማን ጋር ነው የምትሄደው ሲሉ ጠየቁኝ።

ብቻዬን አልኳቸው።

የተነሱት ሁሉ ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ ተሰማም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ይህን የመሰለ ሐዘን ተሸክመህ ነው ወይ ማንም አልሞተም የምትለን አሉኝ።