ከበርሜሉ የሚወጣው ድምፅ

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ቤቱ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እንዳልነበረችው በእርግጠኝነት እናገራለሁ። «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እያልን ልጆቻችንን ዝም እናሰኛለን። የምር ዝም ያሉ ዕለት ግን የእኛው እንቅልፍ ይጠፋል።

እኔ ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ልጄ ዘሃራ ትምህርት ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውላ ቤት ታድራለች። መጀመሪያ በር መጠርቀም አመጣች። ቀጥሎ ታናሽ እህቷ ስትስቅ እንኳ ትገነፍል ጀመር። በኋላ ጭራሽ ጸጥ አለች። ምክንያቱን ለማወቅ ያልተመራመርነው የለም። ባለቤቴ ከድጃ፣ ዕድሜዋ ነው፣ ያልፋል አለች። እኔ ስልኳን ጠረጠርኩ። አማቴ ደግሞ ቁርስ አትበላም፣ የራበው ሰው ይቆጣል አሉ። ይህ ሁሉ ሊቅ ሲሰበሰብ ልጅቷን ራሷን «ምን ሆነሻል?» ያላት አልነበረም።

ድምፁ የመጣው ያን ሰሞን ነው።

ከአስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ጓሯችን ውስጥ አንድ ነገር ያቃስታል። የሰው አይሉት የአውሬ፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ የሚመስል ረጅም ጩኸት። ዶሮዎቹ መጫር ያቆማሉ። የጓሮውን በር ስንከፍት ቀጥ ይላል። ሰው የለም። ነፋስ የለም። ጌሾው እንኳ ቅጠሉን አያነቃንቅም።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ጋሼ ሙሐመድ፣ እርስዎ ግቢ ሰው ያለቅሳል ልበል?» አሉኝ። በእኛ አገር «ልበል» የሚባለው ነገሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በማግስቱ እሳቸው ከወዲያ ጠበል ረጩ፣ ከድጃ ከወዲህ ቁርኣን አስቀራች። በሁለት ሃይማኖት ተከበንም ድምፁ አልቀረም።

አንድ ቀን ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ዱላዬን እንደ ጦር አቅንቼ፣ ቢስሚላህ እያልኩ በጓሮ በኩል ገባሁ። ከጌሾው ጀርባ የዝናብ ውኃ የምናጠራቅምበት አሮጌ በርሜል በጎኑ ተጋድሟል። ከአፉ ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

ሰው የሚውጥ በርሜል አይቼ አላውቅም። እግሮቹ የዘሃራን ጫማ አድርገዋል፤ ይህ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ። ወዲያው ያ ድምፅ ተነሣ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ እኔም አብሬው።

«ዘሃራ» አልኩ።

ድምፁ ቆመ። ወደ ኋላ እየተሳበች ወጣች። ፀጉሯ ዝገት ለብሷል። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው የተረጋጋ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«እጮኻለሁ፣ አባዬ።»

«በርሜል ውስጥ?»

«ቤት ውስጥ ብጮህ ስድ ትሉኛላችሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ለካ ጉዳዩ የሽንዲ ከተማው እህል ነጋዴ ነው። ለልጁ ዘሃራን ሽቶ ሽማግሌ ልኮብን፣ እኛም «እንመካከር» ብለን ሸኝተናቸው ነበር። በእርግጥም ተማከርን። አማቴ ተማከሩ፣ የከድጃ ወንድም ተማከረ። ዘሃራ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰማች።

«ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እኔ ሽንዲ ሆኜ ልሰማ ነው?» አለችኝ። ዱላዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ማታውን ለከድጃ ስነግራት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከሻሹ ሥር ሆና፣ «እምቢ በላቸው» አለች። ሰዎቹ የተከበሩ ናቸውና እምቢታው ሰምና ወርቅ እንዲኖረው ስል ሱቄ ውስጥ ለብቻዬ እያጉረመረምኩ ተለማመድኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የሚያምር ንግግር አዘጋጅቼ አላውቅም።

አንድም ቃል ሳልተነፍስ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መጡ። ተቀመጡ ብንል አልተቀመጡም። አንጋፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የግቢያችን ነገር ሽንዲ ድረስ መሰማቱን፣ ጂን ካለበት ቤት መዛመድ ለትውልድ እንደሚከብድ በጨዋ ደንብ ነገሩን። ሲወጡ ጀርባቸውን ለጓሮው አልሰጡም።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ዘሃራ ሮጥኩ። መጽሐፏን ታነባለች። እፎይ በይ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ቀሩልሽ አልኳት።

መጽሐፏን ዘጋች። ዓይኗ ቀስ እያለ ጠበበ።

«እኔን ነው እምቢ ያሉት?» አለች። «ምን ጎደለኝና ነው?»