ከእሱ በፊት የሠራው

የቧንቧ ሠራተኛ ቤትዎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሣው ምን ይመስልዎታል? መፍቻውን? የለም፤ ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው ስም ነው።

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ሻይ ቤትና መታጠቢያ ነበረኝ። ሰሊጥ አጫጆች ከኮኪት እርሻዎች አቧራ ለብሰው በሚመጡበት ሰሞን ቧንቧዬ ፈነዳ። ውሃ ካጡ ወደ ጎረቤቴ ሻይ ቤት መሄዳቸው ነው። ደመቀ የሚባለውን ሠራተኛ አስጠራሁ። ገና ጎንበስ ሲል ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይኼን የሠራ አህያ ማን ነው? ቧንቧ በጎማ ቁራጭ ይታሰራል? ይኼ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው!»

እኔ ምን አልኩ? «እስቲ ጮክ በል፣ ሰዎቹም ይስሙህ» ነዋ! ጮኸ። አንድ ጎጃሜ አጫጅ ከወንበሩ ተነሣና፣ «እትዬ፣ ይንገሩንና ይዘን እናምጣው!» አለ።

«አትድከም ልጄ፣ መጥቷል» አልኩት። «ደመቀ፣ አምና የሠራኸው አንተው ነህ።»

ደመቀ ቧንቧውን አየ፣ እኔን አየ። «ያኔማ ዕቃ ጠፍቶ ነበር» አለ። ከዚያ ጎማውን ፈትቶ ጥሎ እንደ ደንቡ ሠራው። አጫጆቹም እየሳቁ ታጠቡ።

ቂም አልያዝኩበትም። ይህን ላገኘሁት ሁሉ ስናገር የኖርኩት ለእሱው ገበያ ብዬ ነው፤ ያ ቧንቧ ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።