በባሕር ጠለል ቢሆን ኖሮ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሞተር ብስክሌቶች ሰው ሲመዝኑ አየሁ።

ቦታው የምሠራበት መፈተሻ ክፍል ነበር። በእውኑ እዚያ የምንመዝነው ሞተር ብስክሌት ነው። የኋላ ጎማውን ወለሉ ውስጥ በተቀበረ ከባድ የብረት በርሜል ላይ እናሳርፋለን፤ የፊቱን በቀበቶ ወጥረን እናስራለን፤ ከዚያ ነዳጅ እንሰጠዋለን። ጎማው በርሜሉን ሲያሽከረክረው ኮምፒውተሩ የሞተሩን የፈረስ ጉልበትና ቶርክ ይነግረናል። የፈረስ ጉልበት የሚያምረው ሞተሩ ሲሮጥ ነው። ቶርክ ግን ጎማውን የሚጠመዝዘው ኃይል ነው፤ ጭቃ ውስጥ፣ ዳገት ላይ፣ ሰው አፈናጥጠው ሲነሡ የሚፈለገው እሱ ነው።

ሰሞኑን ሁለት ሞተሮች እያወዳደርን ነበር፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ግራጫ። የተመረጠው ለገጠር ጤና ኬላዎች ይገዛል። ታላቅ እህቴ አስካል ከደጋው አፋፍ ሥር ባለ ጤና ኬላ ትሠራለች። ምጥ የጠናባትን ሴት አፈናጥጣ ዳገቱን ወደ ሐኪም ቤት የምትወጣው በተመረጠው ሞተር ነው።

ቀዩ የሚፎክረው ሞተሩ በፍጥነት ሲሽከረከር ነው። ግራጫው ቀስ ብሎ ሲሽከረከርም ይስባል። ኮምፒውተሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክማል፤ እሱ ግን ውጤቱን «በባሕር ጠለል ቢሆን ኖሮ» ብሎ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ለሁለቱም እኩል ስለሚጨምር ለማወዳደር ይመቻል ተብሎ ነው። ዳገቱ ግን ይህን አያውቅም።

አለቃዬ ጋሽ ዘውገ ትናንት ስንወጣ «ትርንጎ፣ ነገ ለግዢ ኮሚቴው አንድ ቁጥር ብቻ ታነቢያለሽ፤ ትልቁን የፈረስ ጉልበት። ቶርክ ምናምን እያልሽ ሰው እንዳታደክሚ» አሉኝ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

በሕልሜ ወደ ሥራ ስሄድ ጥበቃው በሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

«ፈትሺኝ እባክሽ» አለኝ።

«ለምን?»

«ከጠዋት ጀምሮ የሚፈትሸኝ አጣሁ። ሳልፈተሽ እንዴት አስገባሻለሁ?»

ፈተሽኩት። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደመና አገኘሁ። ያዢው አለኝ፤ ሌላ የማስቀምጥበት ስላጣሁ ዋጥኩት።

ግቢው ውስጥ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ልብሳቸው ተሰልፈው ነበር። የተሰለፉት አንዲት ቆሎ ሻጭ ፊት ነው።

«ነገ ተመለሱ» አለቻቸው ቀና ሳትል። «ዛሬ ሲስተም የለም።»

«እመቤት፣ ከሩቅ ነው የመጣነው» አሉ ሰብሳቢው ባርኔጣቸውን አውልቀው።

«እኔም ስብሰባ ላይ ነኝ» አለችና ቆሎዋን ማበጠር ቀጠለች።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ሞተሮቹ የእኛን ሰማያዊ ቱታ ለብሰው በኋላ ጎማቸው ቆመዋል። ቀዩ የአለቃዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ግራጫው ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ይሠራል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«እርስዎ ደግሞ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው።

«ታዛቢ ነኝ፣ ልጄ። ይህን ሁሉ ዘመን በስሜ ሲቆጥሩ ኖሩ። ሃያ ፈረስ አለው፣ ሠላሳ ፈረስ አለው ይላሉ። እኔ አንድም ቀን ሞተር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ዛሬ መጥቼ ልየው አልኩ።»

መጀመሪያ የተጠሩት ጋሽ ዘውገ ነበሩ። ሞተሮቹ በርሜሉ ላይ አቁመው ወገባቸውን በቀበቶ አሰሯቸው። ቀዩ ተረከዛቸውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ንፋስ ጎድሎዎታል» ብሎ በጆሯቸው ንፋስ ሞላቸው። ከዚያ «ይነሡ!» አለ። ጋሽ ዘውገ መራመድ ጀመሩ፤ በርሜሉ ንቅንቅ አላለም። ላብ አጠመቃቸው። ቢቸግራቸው «ክቡራትና ክቡራን!» ብለው ጮኹ። ያኔ በርሜሉ እንደ እሽክርክሪት ዞረ።

«መቶ ፈረስ!» አለ ቀዩ።

«እዚህ ነው መቶ?» አሉ ሽማግሌው ፈረስ።

«በባሕር ጠለል።»

«ባሕሩስ የት አለ?»

ቀዩ ጥሩንባውን ነፋ። «ባሕሩን አምጡ!»

አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ገባችና ጋሽ ዘውገ እግር ላይ አፈሰሰችው። ክፍሉ ጨው ጨው ሸተተ። አንድ ትንሽ ዓሣ የጫማቸውን ክር ይዛ ተንጠለጠለች። ጋሽ ዘውገ ወዲያው ትልቅ ሆኑ፤ ኮታቸው ጠበባቸው፤ ጭንቅላታቸው አምፖሉን ነካው።

«ይኸው!» አሉ የጠበባቸውን ኮት እየጎተቱ። «ድሮም እንዲህ ነበርኩ። ቦታው ነው የበደለኝ።»

ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ፤ አሳዘኑኝ።

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተና እህቴ አስካል ገባች። ነጭ ጋዋኗ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ጀርባዋ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት አዝላለች። ሴትየዋ ጃንጥላ ዘርግታ ዐይኗን ጨፍናለች። ከሆዷ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ደረስን?»

«ገና ነው፣ እናቴ» አለች አስካል።

በርሜሉ ላይ ወጣች። እግሯ ሲያርፍበት በርሜሉ ሣር አበቀለ፤ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ፤ ከዚያ የዚያ ዳገት መታጠፊያዎች ሁሉ ወጡበት። አስካል አልሮጠችም። አንድ እግሯን ተከለች፣ ሌላውን አስከተለች። በርሜሉ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆም ዞረ።

«ምንም አልሰማሁም» አለ ቀዩ። «ያልጮኸ ጉልበት የለውም።»

«በርሜሉ ግን እየዞረ ነው፣ ጌታዬ» አለ ግራጫው።

«ድምፅ የለውም አልኩ! አውርዷት!»

«እንዴት ትወርዳለች? ዳገቱ መሀል ናት እኮ» አሉ ሽማግሌው ፈረስ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «የሚያውቅ ሰው ይናገርላት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቆሎ ሻጯም በመስኮት አየችኝ።

ሌላ በርሜል ላይ አቆሙኝና አሰሩኝ። አፌን ስከፍት ድምፅ አልወጣም፤ የጥበቃው ደመና ወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ሄዶ ተቀመጠና አካፋ።

«ዜሮ!» አለ ቀዩ፤ ሞተሮቹ ሁሉ በጭስ ማውጫቸው ሳቁ።

ባለ ጀሪካኗ ሴት ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ላፍስስልሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «በባሕር ጠለል እኮ ጎበዝ ተናጋሪ ነሽ።»

እውነቱን ለመናገር ፈልጌ ነበር። ትንሽ ጠብታ ብቻ እግሬ ላይ ቢነካ ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነበር። አስካልን አየኋት። እግሯ መንሸራተት ጀምሯል።

«ደረስን?» አለ ቀጭኑ ድምፅ።

«ተይው፣ እህቴ» አልኳት ባለ ጀሪካኗን።

ሽማግሌው ፈረስ ጆሮዬ ላይ ተነፈሱ። «ዳገት በሩጫ አይጀመርም፣ ልጄ።»

«እዚህ ባሕር የለም» አልኩ። ራሴ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም። በርሜሉ ግን ጣት የምታህል ዞረ።

«ከፍ አድርጊው!» አለ ቀዩ።

ከፍ አላደረግሁትም። «እዚህ ባሕር የለም» አልኩ በዚያው ድምፅ። «እዚህ ያለው ዳገት ነው።» በርሜሉ ዞረ። የአስካልም በርሜል አብሮ ዞረ። ተንሸራቶ የነበረው እግሯ ድንጋይ አገኘ። ወለሉ ቀስ እያለ ዘመመ፤ የአለቃው ወንበር ከነቀዩ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ቀዩ ነዳጅ ሰጠ፣ ጮኸ፣ ክፍሉን ጭስ በጭስ አደረገው፤ ቢሆንም ወደ ኋላ ሄደ። ጋሽ ዘውገ ጫማቸው ደርቆ፣ ወደ ቀድሞ ቁመታቸው ተመልሰው፣ የአስካልን ጋዋን ጫፍ ይዘው ይከተላሉ።

«ስንት መጣ?» አሉ ሽማግሌው ፈረስ። «እዚህ፣ በዚህ ቦታ፣ ስንት መጣ?»

ግራጫው ደመናውን በቱታው እጀታ ጠረገና ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ። ሊያነብልኝ ሲል ኮምፒውተሩ ጮኸ።

የጮኸው ስልኬ ነበር። ነግቷል። የደወለችው አስካል ናት።

«ወለደች፣ ትርንጎዬ» አለችኝ። «ሴት ናት። ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

«ማን?»

«ያቺ ቀኗ ደርሷል ብዬ የነገርኩሽ ልጅ ናታ። ትናንት ከኮሚቴው አንድ ሰውዬ ለሙከራ ብሎ ከምታወዳድሩት ዓይነት ቀይ ሞተር ይዞልን መጥቶ ነበር። እሱ እያለ ምጥ ያዛት።»

«በሞተሩ አወጣሻት?»

ሳቀች። አስካል እንዲህ የምትስቀው በጣም ሲደክማት ነው።

«ሞተሩማ ያምራል። ሜዳው ላይ በረርን። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ወርደን እየገፋን አወጣነው። ሰውዬው አፋፉ ላይ አቁሞ ፎቶ አነሣውና ‹ዳገቱን ወጥቷል› ብሎ ለኮሚቴው ላከላቸው።»

ተነሥቼ ጫማዬን ፈለግሁ።

«እትዬ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የገፋችሁት?»

«ምን ያደርግልሻል በጠዋቱ?»

«ለኮሚቴው ልነግራቸው ነው።»

ከጀርባዋ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ።

«አራት» አለች። ከዚያ አሰብ አደረገችና አረመችው። «አይ፣ አምስት ነን። ምጡ ጋብ ባለላት ቁጥር እሷም ከኋላ ትገፋ ነበር።»