የቆርኪ ፊደልና የእናቴ በርጩማ

ሰሞኑን ለልጄ የፕላስቲክ ፊደል ገዛሁላት። ባለቀለም፣ በሚያምር ካርቶን የታሸገ። ታዲያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ፊደሉን ወዲያ ዘርግፋ ካርቶኑን ቤት አደረገችው። ጭራሽ ገብታ ተኛችበት። መቆጣት ነበረብኝ፣ ሳቄ ቀደመኝ። ዘር ከልጓም ይስባል አይደል የሚባለው? እኛም ልጆች ሳለን ሌላው ከጣለው ነገር ነበር መጫወቻ የምንሠራው።

ሰቆጣ ነው ያደግሁት፣ ነገሩም የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ ቢኖር እንኳ እኛ አላየነውም። መኪና ከዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው ካለቀ ሸበጥ። መነጽር ከማሽላ አገዳ። ታናሽ ወንድሜ ካሱ በአገዳ መነጽር የሚስተካከለው አልነበረም። መስታወት የለው ምን የለው፣ ግን አድርጎት ዞር ሲል ዳይሬክተር ያከላል።

ይኸው ካሱ አንደኛ ክፍል የገባ ጊዜ አስተማሪው መቁጠሪያ አምጡ አሉ። ሃያ ጠጠር ወይም ሃያ ስንጥር ማለታቸው ነው። ሰውየው ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ለአገሩ አዲስ ናቸው። ካሱ ምን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው? የደረቀ የፍየል በጠጥ! ጠጠር ኪስ ይቀድዳል፣ ስንጥር ይወጋል፣ ይሄ ግን ቀላል ነው፣ ድብልብል ነው፣ ሁሉም እኩል ነው። አስተማሪው መዳፋቸው ላይ አፍስሰው፣ አንድ ሁለት እያሉ አመስግነውት ሲቆጥሩ፣ አሥራ አራተኛው ጣታቸው ላይ ተፈረከሰ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የሚያስተምሩት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር አሉ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

እኔ ደግሞ የራሴ ትምህርት ቤት ነበረኝ። ሦስተኛ ክፍል ስለደረስኩ አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቹ ካሱና የጎረቤት ልጆች። ከቤታችን እስከ አጥሩ ድረስ አንዲት ቁራጭ መሬት አለች፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያርፍባታል። መናኸሪያው አጠገብ ካለው ቡና ቤት ቆርኪ ለቅመን እናመጣና መሬቱ ላይ እየደረደርን ፊደል እንሠራለን። ፊደሉን ያወቀና በእሱ የሚጀምር ቃል የጠራ ቆርኪዎቹን ይወስዳል። ያላወቀ አጥር ሥር ቆሞ እንደ ፍየል ይጮኻል። ቅጣቱን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ያኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

እናቴ ዝማም የፃግብጂ ገጠር ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን ሰቆጣ ገብታ ነው የለመደችው። ፊደል አልቆጠረችም። የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ሂጂ ብንላት፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ ሀሁ ስል ልታዩኝ ነው ወይ ብላ ተቆጣች። እኛም ተውናት። ከሰዓት በኋላ ግን በርጩማዋን ደጃፍ ላይ አውጥታ ጥጥ ትፈትላለች። እኛ ጀርባችንን ለአጥሩ ሰጥተን ፊታችንን ወደ ቤቱ፣ እሷ ከደጃፉ ፊቷን ወደ እኛ። ቆርኪው መሀል ላይ ነው። አንዳንዴ፣ ያንን ማን አላችሁት ብላ ትጠይቃለች። እንነግራታለን። እህ ትልና እንዝርቷን ታሾራለች። እኛ እኮ የምትጠብቀን ነበር የሚመስለን።

አንድ በጋ ማለቂያው ላይ ጎረቤታችን አያ ደባልቄ ክረምቱ ሲወጣ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። ያቺን ቁራጭ መሬት ለድንጋይና ለእንጨት ማስቀመጫ፣ ለአንድ ክረምት አውሱኝ አሉ። እናቴ ጨነቃት። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቀረን ቤቱና ያቺ መሬት ናቸው፤ ካሱ ሲያድግ አንዲት ክፍል እቀልስባታለሁ ትል ነበር። ግን ጎረቤት ነው፣ እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አለች። አያ ደባልቄ ራሳቸው፣ ነገ እንዳንጣላ ይጻፍ አሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ወራሹ ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ገበያው ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻና ውል የሚጽፍ ሰው ነበር። እኔም እናቴን ተከትዬ ሄድኩ። ጸሐፊው ከጠረጴዛው ወዲያ፣ አያ ደባልቄ ከጎኑ፣ እኛ ወዲህ። ጻፈ ጻፈና አነበበልን። መሬቴን ለአንድ ክረምት በውሰት የሰጠሁ መሆኔን፣ ምናምን ይላል። ድምፁ ደግሞ የዜና አንባቢ ነው። ከዚያ ቀለሙን ወደ እናቴ ገፋ አደረገና፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ፣ አላት።

እናቴ ቀለሙን አልነካችም። ወረቀቱን ታያለች። እኔ እፍረት ገደለኝና ነጠላዋን ጎተት አደረግሁ።

"በውሰት ነው ያልከው?" አለችው ቀስ ብላ።

"አዎ እትዬ።"

"ታዲያ እዚህ ጋ በስጦታ የሚለው ምንድን ነው?"

አያ ደባልቄን ሳል ያዛቸው። ጸሐፊው አንዴ ጣቷ ያረፈበትን ቃል፣ አንዴ እሷን ያያል። እኔም አንገቴን አጣምሜ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ጽሑፉ ወደ ጸሐፊው ዞሮ ስለነበር ተዘቅዝቆብኝ አንዲት ቃል እንኳ መለየት አቃተኝ። አስተማሪ ነኝ ባይዋ! ያኔ ነው የገባኝ። እናቴ ያን ሁሉ ከሰዓት ከደጃፏ ሆና ተምራለች። የተማረችው ግን ከማዶ ነው፤ ፊደል ሁሉ ለእሷ የተዘቀዘቀ ነው።

ጸሐፊው፣ እጄ ስቶ ነው ይቅርታ ብሎ በሌላ ወረቀት አስተካክሎ ጻፈ። አሁንማ ላብ ላብ ብሎት፣ ወረቀቱን በአክብሮት አዙሮ አቀረበላት። እናቴ ዐይኗን አጠበበች። ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው።

"እንዲህ አይታየኝም፤ ወደ ራስህ አዙረው" አለችው።

አዞረው። ከማዶ ሆና ፊደል በፊደል አነበበችና ቀለሙን ነክታ በአውራ ጣቷ ፈረመች። መጻፍ አላስተማርናትማ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ማንበብ እንደምትችዪ ለምን አልነገርሽንም አልኳት። "ብሳሳት አጥር ሥር ቆመሽ እንደ ፍየል ጩኺ ልትዪኝ አይደል?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጣቱን ተውኩት። ክረምቱ ወጣ፣ የአያ ደባልቄም ድንጋይ ተነሣ፣ መሬቷም ለእኛና ለቆርኪያችን ተመለሰች። ያቺ መሬት አሁን የካሱ ክፍል ናት።

እናቴ ሰሞኑን እኔ ዘንድ ናት። ትናንት ልጄ እንደ ምንም ከካርቶኗ ወጥታ የፕላስቲክ ፊደሏን ስትደረድር፣ እናቴ በርጩማዋን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች። ልጄ አዘነችላት። አያቴ፣ ከዚያ በኩል ይገለበጥብሻል፣ እኔ ጋ ነይ አለቻት።

"አንቺ ነሽ ወደዚህ የምትመጪው" አለቻት እናቴ። "በዚያ በኩል ማንበቡንማ ትምህርት ቤት ስትገቢ ያሳዩሻል።"