ለአማቴ የመደብኩት ኮር

ደህና የሚሠራ ዕቃ ባየ ቁጥር እጁን የሚያሳክከው ሰው አለ። ሬዲዮው እየዘፈነ ይፈታዋል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ይከፍተዋል። እኔ ከነዚህ ሰዎች አንዱ አይደለሁም፤ አለቃቸው ነኝ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ ታውቁ የለ? የኔዋ የጠነቆለችው የገዛ ሽምግልናዬን ነው።

እዚህ ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር፣ ፎቶ ኮፒ የማደርግበትና የሠርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ሱቅ አለኝ። ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ፣ መቅደስ የምትባል ልጅ ወደድኩ። እሷም፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ ወደደችኝ። ወላጆቿ ግን ደሴ ናቸው። ከጁባ ደሴ ድረስ ሽማግሌ መላክ የባለጠጋ ሥራ ነው፤ እኔ ያለኝ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ በቪዲዮ ጥሪ ይሁን ተባለ። ሽማግሌዎቼ ባለ ምግብ ቤቱ ጋሽ ተሰማና ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ሱቄ ውስጥ ተሰየሙ። መቅደስ በወጉ መሠረት ሥራዋ ላይ ቀረች።

እንግዲህ የኮምፒውተር አንጎል ኮር የሚባሉ ክፍሎች አሉት፤ የኔው አራት አለው። ፕሮግራሞቹ ክፍት ያገኙት ክፍል እየገቡ ሲሠሩ ኖረዋል፣ ተጣልተውም አያውቁም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን አንድን ፕሮግራም ለይቶ ለአንድ ኮር መመደብ እንደሚቻል ኢንተርኔት ላይ አየሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አማቴ ከሰው ሠርግ ጋር ይጋፋሉ እንዴ? በመቀናበር ላይ የነበረውን የሠርግ ቪዲዮ ሦስቱ ኮር ላይ አሰፈርኩና አንዱን ለጥሪው ለብቻው ሰጠሁት። የክብር ቦታ መሆኑ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል የሰማሁት ለሌላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ጥሪው ተከፈተ። አባቷ ሰላምታ ሰጡ፣ አንድ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፣ እዚያው ቀሩ። ድምፃቸውም ጠፋ። ምስሉ እንደደረቀ ገብቶኛል፤ ግን ምን ላድርግ? አግቢው በሽምግልና ላይ አይታይም፣ አይናገርምም። ካሜራው ከማያየኝ ከጠረጴዛው ጎን እንደተደበቅሁ የሐጂን ጀለቢያ ጎተት አደረግኩ። ሐጂ በእርግጫ መለሱልኝ።

የልጅ አባት መቼም በቀላሉ እሺ አይልም፤ ሽማግሌዎቹ የተሰቀለውን ቅንድብ እንደ እምቢታ ቆጠሩት። ሐጂ ዝም አይነቅዝም ብለው በሹክሹክታ መከሩ። ጋሽ ተሰማ ግን ዝምታ አይችሉም፤ ልጁ ሲጋራ ያቆማል አሉ። ቅንድቡ አልወረደም። በየዓመቱ ደሴ እየመጣ ይጠይቃችኋል አሉ። አሁንም አልወረደም። ይኼኔ ሐጂም ተጨነቁና አራት ክፍል ቤት ይሠራላታል ብለው ጣሉበት። እኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ! ጥሪው በዚሁ ተቋረጠ።

ጋሽ ተሰማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ማሌሽ፣ አይዞህ፣ ከባድ ሰው ናቸው፣ ሌላ ትገኛለች አሉኝ። ሌላ ምን ያደርግልኛል? ጥሪውን ተቆጥተው የዘጉት መሰለኝና መቅደስን አጣኋት ብዬ እንባዬ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ መቅደስ እየሳቀች ገባች። አባቷ ደውለውላት ነበር። የኛ ድምፅ ጥርት ብሎ ደርሷቸዋል፤ እሳቸው ገና ሰላምታው ላይ እሺ ብለው፣ መርቀውም ጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ቃል ሲጨምሩ ለምን ያቋርጡ? በደስታ አዳመጡ።

አቅፌያት ዘለልኩ! እሷ ግን ኮምፒውተሩን ምን እንዳደረግሁት ጠየቀችኝ። ለአባቷ የሰጠሁትን ክብር በኩራት ተረክሁላት። አዳምጣ ስትጨርስ፣ ጥሪው አንድ ኮር አልበቃው ብሎ ነው የደረቀው አለችና ቁጭ ብላ ምደባውን አነሳችው።

«አራት ክፍል እያለ አባቴን አንዱ ውስጥ ቆልፈህባቸው ነው አከበርኳቸው የምትለው?» አለችኝ። «ሐጂ ቃል የገቡልኝን ቤት ስትሠራ፣ እባክህ እኔን እንደዚህ እንዳታከብረኝ።»